አንድ ሰርቨር፣ ብዙ ሳይት፦ አድራሻና ፖርት ሳይጋጩ እንዴት ይታሰራሉ

ሰርቨሩ ላይ አንድ ሳይት ብቻ ካለ ስለ ባይንዲንግ፣ ማለትም ሳይቱን ከአድራሻ፣ ከፖርትና ከስም ጋር ስለሚያስረው መስመር፣ ማንም አይጨነቅም። የመጣው ሁሉ ወደዚያው ይገባል። ጣጣው የሚጀምረው ሁለተኛው ሳይት ሲጨመር ነው። ያኔ ሰርቨሩ እያንዳንዱ ሪኩዌስት (ከብራውዘር የሚመጣ ጥያቄ) የየትኛው ሳይት እንደሆነ መለየት አለበት። የሚለየው ደግሞ እናንተ በጻፋችሁለት ባይንዲንግ ነው።

ሥራዬ የሰርቨር አስተዳደር ነው። ሌላ ሰው ያዋቀረውን ሰርቨር ስረከብ መጀመሪያ የምከፍተው የባይንዲንግ ዝርዝሩን ነው። የትኛው ሳይት በየትኛው አይፒ፣ በየትኛው ፖርት፣ በየትኛው ስም እንደሚጠራ እዚያ አለ። ሰርቨሩ ታስቦበት የተሠራ ይሁን በላይ በላዩ የተደረበ፣ ከዚያ ዝርዝር ይነበባል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰርቨሩ ጋ የሚደርስ እያንዳንዱ ሪኩዌስት እኔ የመረጥኩለት ባለቤት ይኑረው። የማንም ያልሆነውም ጭምር የት እንደሚሄድ እኔ ልወስን እንጂ የፋይል ቅደም ተከተል አይወስንልኝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ነው።

ባይንዲንግ ምን ይይዛል?

አራት ነገሮች አሉት። ፕሮቶኮሉ፣ አይፒ አድራሻው፣ ፖርቱና ሆስት ኔሙ። አራቱ አንድ ላይ ሆነው አንድ ሳይት «ይህ ሪኩዌስት የእኔ ነው» የሚልበት መብት ይሆናሉ። ሁለት ሳይቶች በአይፒ፣ በፖርትም በስምም አንድ ሆነው አብረው ሊኖሩ አይችሉም። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ መለየት አለበት።

አይፒው ሰርቨሩ ራሱ ላይ ያለ አድራሻ መሆን አለበት። አንዱን ለይቶ መጻፍ ወይም «ያሉትን ሁሉ» ማለት ይቻላል። «ያሉት ሁሉ» የሚለው አንዳንድ ቦታ ኮከብ ምልክት ሆኖ፣ አንዳንድ ቦታ 0.0.0.0 ሆኖ ይጻፋል። የዊንዶውስ ዌብ ሰርቨር በሆነው አይአይኤስ ላይ ደግሞ «ኦል አንአሳይንድ» ይባላል።

ፖርት ከ0 እስከ 65535 የሚደርስ ቁጥር ነው። 80 የኤችቲቲፒ፣ 443 የኤችቲቲፒኤስ ናቸው። ብራውዘሮች እነዚህን ሁለቱን ስለሚያውቋቸው አድራሻው ላይ አያሳዩዋቸውም። ሌላ ፖርት ከመረጣችሁ ተጠቃሚው ከዶሜይኑ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አድርጎ ቁጥሩን መጻፍ ይኖርበታል። ሊኑክስ ላይ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች ለመያዝ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ሥልጣን ወይም ለዚሁ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሆስት ኔም ከነዚህ ሁሉ ይለያል። አይፒና ፖርት የኔትወርኩ ጉዳይ ናቸው። ስሙ ግን ሪኩዌስቱ ውስጥ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ብራውዘሩ ሲጠይቅ «የምፈልገው ይህን ስም ነው» ብሎ ሆስት በሚባል ሄደር ያስቀምጠዋል። ይህን ሄደር ግዴታ ያደረገው በ1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር እያንዳንዱ ሳይት የራሱ አይፒ ያስፈልገው ነበር። ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩ ሳይቶች አንድ አይፒና አንድ ፖርት ተጋርተው የሚኖሩት በዚህ ሄደር ነው። ነጻ የአይፒቪ4 አድራሻዎች ክምችት በዓለም ደረጃ ተከፋፍሎ ያለቀው በ2011 ስለሆነ ይህ መንገድ አሁን ምርጫ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዲኤንኤስ የሚናገረው ስሙ የየትኛው አይፒ እንደሆነ ብቻ ነው። መደበኛው የአድራሻ መዝገብ ፖርት አይጽፍም። የትኛው ሳይት ይመልስ የሚለውንም አይጽፍም። «ዶሜይኑን ወደ አዲሱ ሰርቨር አዞርኩት፣ ለምን ሌላ ሳይት ይከፈትብኛል?» ብለው የሚደውሉልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ዲኤንኤሱ ሥራውን ጨርሷል። ሰርቨሩ ላይ ግን ያንን ስም የያዘ ባይንዲንግ የለም።

መጀመሪያ ወረቀት

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ዝርዝሩን ጻፉት። ወረቀትም ይሁን ኤክሴል ለውጥ የለውም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለምሳሌ የምንጠቀመው ይህን ነው፤ ሰርቨሩ 192.0.2.10 እና 192.0.2.11 የሚባሉ ሁለት አድራሻዎች አሉት።

ዋናው ሳይት፦ ሁሉም አይፒ፣ ፖርት 80 እና 443፣ ስሙ ኤግዛምፕል ዶት ኮም፤ ፊቱ ላይ ሦስቱ ደብሊው የተጨመረበትም አብሮ።
ሱቁ፦ ሁሉም አይፒ፣ ፖርት 80 እና 443፣ ስሙ ሾፕ ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኮም።
የውስጥ መቆጣጠሪያው፦ 127.0.0.1 (ሰርቨሩ ራሱን ብቻ የሚያገኝበት አድራሻ)፣ ፖርት 8081።
የማይታወቅ ስም ይዞ የመጣ ሁሉ፦ ባዶው ሳይት።

የመጨረሻውን መስመር ብዙ ሰው አይጽፈውም። እኔ ግን ካልተጻፈ ሥራ አልጀምርም። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ሦስቱን ደብሊው ያለውንና የሌለውን ስም እንደ ሁለት ስም ቁጠሩት። ለሰርቨሩ ሁለቱ ምንም አይገናኙም። አንዱን ብቻ አስራችሁ ሌላውን ከረሳችሁ ግማሹ ሰው ሌላ ሳይት ይከፈትበታል።

ፖርቱን የያዘው ማነው?

አዲስ ባይንዲንግ ከመጨመራችሁ በፊት ቦታው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ሊኑክስ ላይ ኤስኤስ የሚለውን ትእዛዝ በሱዶ፣ ኤል፣ ቲ፣ ኤን እና ፒ ከሚሉት አማራጮች ጋር ስጡት። በመጠባበቅ ላይ ያሉትን ፖርቶች ሁሉ ከነፕሮግራማቸው ያወጣላችኋል። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ኔትስታትን ኤ፣ ኤን እና ኦ ከሚሉት አማራጮች ጋር ስጡት። በመጨረሻው ዓምድ ላይ የፕሮሰሱ ቁጥር ይመጣል።

ዊንዶውስ ላይ ፖርት 80ን የያዘው ቁጥር 4፣ ማለትም «ሲስተም» ሆኖ ታገኙት ይሆናል። አትደንግጡ፣ ቫይረስ አይደለም። ኤችቲቲፒ ዶት ሲስ የሚባል፣ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ጀምሮ ያለ የከርነል ድራይቨር ነው። አይአይኤስም ሆነ ሌሎች የማይክሮሶፍት ፕሮግራሞች ፖርቱን በእሱ በኩል ይጋራሉ። ከጀርባው ማን እንዳለ ለማየት «ኔትኤስኤች ኤችቲቲፒ ሾው ሰርቪስስቴት» የሚለውን ትእዛዝ ስጡት። የተመዘገበውን አድራሻ ሁሉ ከነባለቤቱ ይዘረዝራል። ለምሳሌ የኤስኪውኤል ሰርቨር ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ ፖርት 80 ላይ ሳይታወቅ ተቀምጦ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

አይአይኤስ ላይ

አይአይኤስ ማኔጀርን ክፈቱ። በግራ በኩል «ሳይትስ» የሚለውን ዘርጉና ሳይታችሁን ምረጡ። በቀኝ በኩል «ባይንዲንግስ» የሚለውን ስትጫኑ ያሉት ሁሉ ይመጣሉ። «አድ» ብላችሁ ዓይነቱን፣ አይፒውን፣ ፖርቱንና ሆስት ኔሙን ትሞላላችሁ። ዓይነቱ አንዴ ከተቀመጠ በ«ኤዲት» አይቀየርም። ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ለመሄድ አዲስ ጨምራችሁ አሮጌውን ማጥፋት ነው። ለውጡ ወዲያው ይሠራል። አይአይኤስን በሙሉ ማጥፋትና ማስነሳት አያስፈልግም፤ ሌሎቹን ሳይቶች በከንቱ ማቋረጥ ነው።

ለእያንዳንዱ ስም አንድ መስመር ያስፈልጋል። ዋናው ሳይታችን ሁለት ስምና ሁለት ፖርት ስላለው አራት መስመር ይኖረዋል ማለት ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ በኮከብ የሚጀምር ስም፣ ማለትም የአንድ ዶሜይን ንዑስ ስሞችን ሁሉ የሚይዝ መስመር መጻፍ ይቻላል። ብዙ ደንበኞች በየራሳቸው ንዑስ ስም ለሚገቡበት ሲስተም ጥሩ ነው። ለሌላው አልመክረውም።

አብሮ የሚመጣው «ዲፎልት ዌብ ሳይት» ፖርት 80ን ያለ ምንም ስም ይዞ ነው የሚነሳው። አዲሱን ሳይታችሁን ያለ ስም በ80 ላይ ብትጨምሩት ማኔጀሩ ሌላ ሳይት እንደያዘው ያስጠነቅቃችኋል። ግድ የለም ብላችሁ ብታልፉ ሁለቱ አብረው አይነሱም። «ፋይሉ አስቀድሞ ስላለ ሌላ መፍጠር አይቻልም» የሚል መልእክት ይመጣል። ስለ ፋይል ያወራል እንጂ ነገሩ ከፋይል ጋር ምንም አይገናኝም። ባይንዲንጉ ተደግሟል ማለት ነው። «ፋይሉን ሌላ ፕሮሰስ እየተጠቀመበት ነው» የሚለው ከመጣ ደግሞ ከአይአይኤስ ውጪ የሆነ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ አፓቺ የሚባለው ሌላ ዌብ ሰርቨር፣ ፖርቱን ይዞታል። ሁለቱን መልእክቶች ለይታችሁ ካወቃችሁ ብዙ ሰዓት ትቆጥባላችሁ።

አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ባይንዲንጉ ትክክል ሆኖ፣ ሳይቱ ተነስቶ፣ በአንዱ አይፒ ሲሠራ በሌላው ካልሠራ «ኔትኤስኤች ኤችቲቲፒ ሾው አይፒሊስን» ብላችሁ እዩ። ይህ ዝርዝር ባዶ ከሆነ ዊንዶውስ በሁሉም አድራሻ ያዳምጣል። አንድ አድራሻ እንኳ ከተጻፈበት ግን በዚያው ብቻ ይሆናል። 127.0.0.1 ራሱ ይቀራል። አይአይኤስ ማኔጀር ላይ ይህ በየትም አይታይም። ለዚህ ነው ሰው ባይንዲንጉን ደጋግሞ እየቀያየረ የሚቸገረው።

ኤንጂንኤክስና አፓቺ ላይ

ሁለቱም ሊኑክስ ላይ የተለመዱ ዌብ ሰርቨሮች ናቸው። ኤንጂንኤክስ ላይ እያንዳንዱ ሳይት በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ የራሱ የሰርቨር ብሎክ አለው። ውስጡ ሁለት መስመሮች ዋናዎቹ ናቸው። «ሊስን» አይፒውንና ፖርቱን ይይዛል። «ሰርቨር ኔም» ስሞቹን በባዶ ቦታ እየለየ በአንድ መስመር ይይዛል። መስመሩ በነጠላ ሰረዝ ላይ ነጥብ ባለው የእንግሊዝኛ ምልክት ማለቅ አለበት። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፋይሉ ሳይትስ አቬይለብል ውስጥ ይጻፍና ሳይትስ ኢኔብልድ ወደሚባለው ፎልደር በሊንክ ይያያዛል።

ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለባችሁ የአመራረጡን ቅደም ተከተል ነው። ኤንጂንኤክስ መጀመሪያ የሚያየው ሪኩዌስቱ የደረሰበትን አይፒና ፖርት ነው። ከዚያ ጋር በትክክል የሚገጥሙትን ብሎኮች ይለያል። ስሙን የሚያየው ከነዚያ መካከል ብቻ ነው።

ይህ ምን ያመጣል? ሱቁና ዋናው ሳይት «ሊስን 80» ብለው በሰላም እየሠሩ ነው እንበል። አንድ ሰው ሦስተኛ ሳይት ጨመረና «ሊስን 192.0.2.10:80» ብሎ ጻፈ። ስሙን በትክክል ጽፏል። ምንም የተደገመ ነገር የለም። ፍተሻው ያልፋል። ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በ192.0.2.10 የሚመጣ ሁሉ፣ ሱቁን የሚፈልገውም ዋናውን የሚፈልገውም፣ ወደ ሦስተኛው ሳይት ይገባል። አይፒውን ለይቶ የጻፈው እሱ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ለውድድር እንኳ አይቀርቡም። አፓቺም ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ሕጌ ቀላል ነው። አንድ ፖርት የሚጋሩ ሳይቶች ወይ ሁሉም በኮከብ ይታሰሩ፣ ወይ ሁሉም በአይፒ ይታሰሩ። ማደባለቅ በጣም ግልጽ ምክንያት ይፈልጋል። እኔ ሁልጊዜ በኮከብ አስሬ በስም እለያለሁ። ነገ አይፒው ቢቀየር ኮንፊጉን መንካት አይኖርብኝም።

ተመሳሳይ ስም በሁለት ብሎኮች በአንድ ፖርት ላይ ከተጻፈ ኤንጂንኤክስ አይቆምም። «ስሙ ተጋጭቷል፣ ትቼዋለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ በመጀመሪያው ይቀጥላል። የፍተሻ ትእዛዙ፣ ኤንጂንኤክስ ከሰረዝ ቲ ጋር፣ በመጨረሻ «ደህና ነው» ስለሚል ሰው ከላይ ያለውን መስመር አያነበውም። እባካችሁ አንብቡት። ከዚያ ሪሎድ አድርጉ። ሪሎድ የቆዩትን ግንኙነቶች ሳይቆርጥ አዲሱን ያስገባል። ከኮከብ ወደ አንድ አይፒ ስትቀይሩ ግን አሮጌው ፖርቱን ገና ስላልለቀቀ ሪሎዱ እንቢ ሊል ይችላል። ያኔ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሪስታርት ማድረግ ነው።

አፓቺ ላይ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። «ሊስን» ፖርቱን ይከፍታል፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፖርትስ ዶት ኮንፍ የሚባል ፋይል ውስጥ አለ። «ቨርቹዋል ሆስት» ደግሞ በተከፈተው ፖርት የመጣውን ያስተናግዳል። ቨርቹዋል ሆስት ላይ 8080 ብሎ መጻፍ ብቻውን ፖርቱን አይከፍተውም። ስሙ በ«ሰርቨርኔም»፣ ተጨማሪዎቹ በ«ሰርቨርአሊያስ» ይጻፋሉ። «አፓቺሲቲኤል» ከሰረዝ ትልቁ ኤስ ጋር ስትሰጡት የሁሉንም ሳይት ካርታ፣ ነባሪው የቱ እንደሆነ ጭምር ያሳያል። የተረከብኩት ሰርቨር አፓቺ ከሆነ ይህቺን ትእዛዝ ሳልሰጥ ሌላ ነገር አልነካም። የቆዩ መመሪያዎች «ኔምቨርቹዋልሆስት» የሚል መስመር ጨምሩ ይላሉ። ከ2.4 ወዲህ አያስፈልግም።

ስም የሌለው ሲመጣ

አሁን ወደ ተውኩት መስመር። ሰርቨራችሁ ኢንተርኔት ላይ ካለ በየሰዓቱ የማይታወቅ ስም የያዙ ወይም በአይፒ ብቻ የሚመጡ ሪኩዌስቶች ይደርሱታል። አብዛኞቹ ቀዳዳ የሚፈልጉ ሮቦቶች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ዶሜይናቸውን በስህተት ወደ እናንተ አይፒ ያዞሩ ሰዎች ናቸው።

እነዚህን ማን ይቀበላል? ኤንጂንኤክስም አፓቺም ካልነገራችኋቸው መጀመሪያ ያነበቡትን ሳይት ይሰጣሉ። ፋይሎቹ በፊደል ተራ ስለሚነበቡ ስሙ በመጀመሪያ ፊደል የጀመረው ሳይት ነባሪ ይሆናል። ነገ ሌላ ሰው አዲስ ፋይል ሲጨምር ነባሪው ሳይታወቅ ይቀየራል። የደንበኛችሁ ሱቅ በማያውቀው ዶሜይን ሲከፈት፣ የፍለጋ ሞተሮችም በዚያ ስም ሲመዘግቡት አስቡት። ይህ የአሠራር ጉድለት ብቻ አይደለም። ሳይቱን ያመናችሁ ሰው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ባዶ ሳይት ሥሩ። ኤንጂንኤክስ ላይ «ሊስን» መስመሩ ላይ «ዲፎልት ሰርቨር» የሚል ጨምራችሁ፣ ለመጣው ሁሉ 444 የሚል መልስ ስጡ። 444 የኤንጂንኤክስ የራሱ ኮድ ነው፤ ምንም ሳይመልስ ግንኙነቱን ይዘጋል። ለ443 ደግሞ «ኤስኤስኤል ሪጀክት ሃንድሼክ» የሚለውን ብታበሩ ሰርተፊኬት እንኳ ሳያሳይ ይመልሰዋል፤ ከ1.19.4 ጀምሮ ይሠራል። አፓቺ ላይ 000 ብሎ የሚጀምር ፋይል ውስጥ ሁሉንም የሚከለክል ቨርቹዋል ሆስት አስቀምጡ። አይአይኤስ ላይ ያለ ስም የታሰረ ሳይት ከሌለ ኤችቲቲፒ ዶት ሲስ ራሱ 400 ብሎ፣ «የማይሠራ ሆስት ኔም» ከሚል መልእክት ጋር ይመልሳል። ያ በቂ ነው። ይህ መልስ የሳይቱ ሎግ ላይ አይገኝም። ኤችቲቲፒኤረር በሚባለው ፎልደር ውስጥ ፈልጉት።

ሰርተፊኬቱ ሲገባ

ኤችቲቲፒኤስ ላይ ነገሩ አንድ ደረጃ ይከብዳል። ሰርተፊኬቱ፣ ማለትም የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጠው ማስረጃ፣ የሚቀርበው ሆስት ሄደሩ ከመነበቡ በፊት ነው። ሄደሩ ራሱ ተመስጥሮ ነው የሚመጣው። ታዲያ ሰርቨሩ የማንን ሰርተፊኬት ያሳይ? ድሮ መልስ ስላልነበረው ለአንድ አይፒና ፖርት አንድ ሰርተፊኬት ብቻ ነበር። ኤስኤንአይ የሚባለው መፍትሔ በ2003 መጣ። ብራውዘሩ ገና ግንኙነቱን ሲጀምር ስሙን ይናገራል። አይአይኤስ ይህን ያገኘው በዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ከወጣው 8ኛው እትም ጀምሮ ነው።

አይአይኤስ ላይ ኤችቲቲፒኤስ ስትጨምሩ «ሪኳየር ሰርቨር ኔም ኢንዲኬሽን» የሚል ሳጥን አለ። ምልክት አድርጉበት። ካላደረጋችሁ ሰርተፊኬቱ የሚታሰረው ከሳይቱ ጋር ሳይሆን ከአይፒውና ከ443 ጋር ነው። ያንኑ አይፒና ፖርት የሚጋራ ሌላ ሳይት ላይም ይለወጣል። የሱቁን ሰርተፊኬት አድሳችሁ ዋናው ሳይት ላይ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው በዚህ ነው። የትኛው ሰርተፊኬት የት እንደታሰረ «ኔትኤስኤች ኤችቲቲፒ ሾው ኤስኤስኤልሰርት» ያሳያችኋል። ሁሉም ሳይቶች በኤስኤንአይ ሲሆኑ ማኔጀሩ «ነባሪ የኤስኤስኤል ሳይት የለም» የሚል ማስታወሻ ያወጣል። ዛሬ ያሉ ብራውዘሮች ሁሉ ኤስኤንአይን ስለሚያውቁ እኔ እንዳለ እተወዋለሁ።

ሰርተፊኬቱ የያዛቸው ስሞችና ባይንዲንጉ የያዛቸው ስሞች አንድ መሆን አለባቸው። በኮከብ የሚጀምር ሰርተፊኬት አንድ ደረጃ ብቻ ይሸፍናል። ሾፕ ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኮምን ይሸፍናል። ከሾፕ በፊት ሌላ ቃል ቢጨመር አይሸፍንም። ባዶውን ኤግዛምፕል ዶት ኮምም ለብቻው ካልተጨመረ አይሸፍንም።

ፖርት 80ን ግን አትዝጉት። ወደ 443 የሚያዞር ብቻ ይሁን። ሰው አድራሻውን ሲጽፍ አሁንም በ80 የሚመጣ አለ። ነጻ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕትም በኤችቲቲፒ የማረጋገጫ ዘዴው ሲያድስ የሚጀምረው በ80 ነው። ኤችቲቲፒ 3ን ካበራችሁ ደግሞ 443ን በዩዲፒም ክፈቱ። የሚሄደው በዚያ ነው።

ለውስጥ ብቻ የሆነው

የውስጥ መቆጣጠሪያችንን በ127.0.0.1 ነው ያሰርነው። ከሰርቨሩ ውጪ ማንም አይደርስበትም። ያው ማሽን ላይ ያለ ሰው ወይም ፊቱ የተቀመጠ ኤንጂንኤክስ ብቻ ያገኘዋል። ከጀርባ ለሚሠራ አፕሊኬሽን፣ ለዳታቤዝ፣ ለመቆጣጠሪያ ገጽ ሁሉ ይህ ትክክለኛው ነው። 0.0.0.0 ብሎ ከፍቶ «ፋየርዎሉ ይከላከልልኛል» ማለት በአንድ መከላከያ ብቻ መተማመን ነው።

አፕሊኬሽኖችን በኮንቴይነር ለይቶ የሚያስኬደውን ዶከርን የምትጠቀሙ በተለይ ተጠንቀቁ። 8080ን ወደ 80 ብላችሁ ስታወጡ፣ አይፒ ካልጻፋችሁ በሁሉም አድራሻ ይከፈታል። የኡቡንቱ ፋየርዎል የሆነው ዩኤፍደብሊው ዝግ ነው ቢላችሁ እንኳ ዶከር የራሱን ሕግ ስለሚጽፍ አልፎት ይሄዳል። ከፖርቱ ፊት 127.0.0.1 ብላችሁ ጻፉ፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

እንደ 8080 ያሉ ፖርቶችን ለሕዝብ ሳይት መጠቀም አልወድም። ሰው ቁጥሩን አያስታውስም፣ ብዙ የመሥሪያ ቤት ኔትወርኮችም ይዘጉታል። ለሙከራ ስትመርጡም እንደ 6000 ወይም 6667 ያሉትን ተዉአቸው። ክሮምና ፋየርፎክስ ለደህንነት ሲሉ ራሳቸው አይከፍቷቸውም። ሰርቨሩ ፍጹም ደህና ሆኖ ሳለ ስትደክሙ ትውላላችሁ።

ዲኤንኤስ ሳይቀየር መሞከር

አዲሱን ሳይት ዶሜይኑን ከማዞር በፊት ሞክሩት። ቀላሉ መንገድ የሆስትስ ፋይል ነው። ሊኑክስ ላይ ኢቲሲ ውስጥ አለ። ዊንዶውስ ላይ ሲስተም32፣ ከዚያ ድራይቨርስ፣ ከዚያ ኢቲሲ ውስጥ ነው። አይፒውን፣ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ስሙን ጻፉበት። የእናንተ ኮምፒውተር ብቻ ወደ አዲሱ ይሄዳል። ስትጨርሱ መስመሩን አጥፉት።

እኔ የምመርጠው ከትእዛዝ መስመር ሪኩዌስት የሚልከውን ከርልን ነው። «ሪዞልቭ» በሚለው አማራጭ ስሙን፣ ፖርቱንና አይፒውን በሁለት ነጥብ አያይዛችሁ ስትሰጡት ምንም ፋይል ሳትነኩ ልክ ዲኤንኤሱ እንደተቀየረ አድርጎ ይጠይቃል። ሰርተፊኬቱንም በትክክለኛው ስም ይፈትሻል። ወረቀታችሁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር እንዲህ ፈትሹ። ከዚያ ጭራሽ የሌለ ስም ሰጥታችሁ ባዶው ሳይት መመለሱን እዩ። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉት።

አይፒቪ6ም አይረሳ። ዶሜይኑ የአይፒቪ6 መዝገብ ካለው ሰርቨሩም በዚያ ማዳመጥ አለበት። ኤንጂንኤክስ ላይ «ሊስን 80» የአይፒቪ4 ብቻ ነው። ለስድስቱ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ያለበት ሌላ የ«ሊስን» መስመር ያስፈልጋል። ለሁሉም ሳይት ጨምሩት። ለአንዱ ብቻ ከጨመራችሁ በአይፒቪ6 የሚመጣ ሁሉ እዚያ ይገባል። እናንተ ጋ ትክክል ሆኖ ሌላ ሰው ጋ የተሳሳተ ሳይት የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ካልተከፈተስ?

የሚመጣውን ስህተት በጥሞና አንብቡ። ወዲያው «ተቀባይነት አላገኘም» ካለ፣ በዚያ አይፒና ፖርት የሚያዳምጥ የለም። ወደ ኤስኤስ ወይም ኔትስታት ተመለሱ። ረጅም ጊዜ ጠብቆ ካቋረጠ ብዙውን ጊዜ ፋየርዎል ነው። ባይንዲንግ ፋየርዎልን አይከፍትም። የሰርቨሩም የአቅራቢውም ፋየርዎል ለየብቻ ይከፈታሉ።

ሊኑክስ ላይ ሰርቨሩ እንቢ ብሎ ቁጥር 98 ካሳየ አድራሻው ተይዟል። 13 ካሳየ ፈቃድ የለም። ሩት ሆናችሁ 13 ከመጣ፣ ፖርቱም ያልተለመደ ከሆነ፣ አንዳንድ ሊኑክሶች ላይ ያለውን የደህንነት ጥበቃ፣ ኤስኢሊኑክስን፣ ጠርጥሩ። ለዌብ ሰርቨር የሚፈቅዳቸው ፖርቶች ዝርዝር አለው፤ አዲሱን እዚያ መጨመር ነው። ኤስኢሊኑክስን በሙሉ አታጥፉት።

ሳይቱ ከተከፈተ ግን የተሳሳተው ከሆነ ኔትወርኩን ተዉት። ችግሩ የስም ነው፣ ወይም አይፒውን ለይቶ የያዘ ሌላ ሳይት አለ። 404 ከሆነም ባይንዲንጉ ሪኩዌስቱን አንድ ሳይት ጋ አድርሶታል። የቱ ጋ እንዳደረሰው የየሳይቱን ሎግ ከፍታችሁ እዩ። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ሳይት የተለየ የሎግ ፋይል የማደርገው።

አንድ ሳይት ሲዘጋም ባይንዲንጉን በዚያው ቀን አጥፉት፣ የዲኤንኤስ መዝገቡንም አብራችሁ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ መስመሩን ሰርዙና ቀኑን ጻፉበት።